የቨርቹዋል ቺፑ ቁልፍ በማን ኪስ ነው?

አንድ የሲስተም አስተዳዳሪ ዊንዶውስ 11ን በቨርቹዋል ማሽን ላይ ሊጭን ተቀምጧል። ሥራውን ገና ከመጀመሩ ጫኚው ፕሮግራም «ይህ ኮምፒውተር ዊንዶውስ 11ን ማስኬድ አይችልም» ብሎ ይመልሰዋል። ምክንያቱን ያውቀዋል፤ ቲፒኤም የሚባለው የደህንነት ቺፕ የለም። ወደ ማሽኑ ቅንብር ይመለሳል፣ ሃርድዌር መጨመሪያውን ይከፍታል፣ ከዝርዝሩ ቲፒኤምን ይመርጣል፣ 2.0 የሚለውን ነክቶ ያስቀምጣል። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ጫኚው አሁን ያለ ምንም ቅሬታ ያልፋል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ «ቲፒኤም አለ» በሚለው አንጻር ምልክት ይደረግና ወደ ቀጣዩ ማሽን ይኬዳል።

ጥያቄዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ምን ተገኘ? ማሽኑ ጥበቃ አገኘ ወይስ ፈተና አለፈ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ቲፒኤም አለ» የሚለው ምልክት እውነት ነው። «ስለዚህ መረጃው ተጠብቋል» የሚለው ድምዳሜ ግን ከዚያ ምልክት ተነስቶ የሚደረስበት አይደለም። በሶፍትዌር የተመሰለ የደህንነት ቺፕ የሚጠብቀው ያዋቀረው ሰው ያሰበበትን ያህል ብቻ ነው። ያልታሰበበት ቺፕ ቁልፉ በሩ ላይ እንደተሰካ ቤት ነው፤ በሩ ተቆልፏል፣ የሚከለክለው ሰው ግን የለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ ወዲህ ወደ 11 መሸጋገር ግድ ለሆነበት ሁሉ ይህ የነገ ሳይሆን የዛሬ ጉዳይ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጠይቅ። ቺፑ ድሮስ ለምን ተፈለገ? ትረስትድ ኮምፒውቲንግ ግሩፕ የተባለው የኩባንያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቁሞ የቲፒኤምን ዝርዝር መስፈርት ሲያዘጋጅ፣ አሁን የምንጠቀምበትንም 2.0 በ2014 ሲያወጣ መነሻው አንድ ቀላል እውነት ነበር። ሶፍትዌር ራሱን ሊጠብቅ አይችልም። የተጠለፈ ሲስተም «አልተጠለፍኩም» ብሎ ቢመሰክር ማን ያምነዋል? ስለዚህ ምስክሩ ከሲስተሙ ውጭ መሆን አለበት ተባለ። ማዘርቦርድ ላይ የተበየደ፣ የራሱ ትንሽ ማስታወሻ ያለው፣ ቁልፉን ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ ቺፕ ተሠራ። በብዙ የዛሬ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ይኸው ሥራ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ተካቷል።

የዚህ ቺፕ ጉልበት ከምን ይመጣል? አንደኛው ከመለኪያ መዝገቦቹ ነው። ቺፑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 24 መዝገቦች አሉ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ፈርምዌሩ፣ የሴኪዩር ቡት ቅንብሩ፣ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሁሉም በየተራ እየተለኩ ይገቡባቸዋል። እነዚህ መዝገቦች ላይ የፈለጉትን ቁጥር መጻፍ አይቻልም። የነበረው ዋጋና አዲሱ ልኬት አብረው ተፈጭተው አንድ አዲስ ዋጋ ይወጣል እንጂ። እንደ ተቦካ ሊጥ ነው፤ አንዴ የገባበትን መልሶ ማውጣት አይቻልም፤ ማሽኑ ተዘግቶ እንደገና ካልተነሳ በቀር ከመጀመሪያው አይጀምርም። ዲስክ የሚመሰጥረው የዊንዶውስ ፕሮግራም ቢትሎከር የዲስኩን ቁልፍ ለቺፑ አደራ ሲሰጥ «ልኬቱ እንደ ትናንቱ ካልሆነ እንዳትሰጥ» ብሎ ነው። ሁለተኛው ጉልበት ግምትን አለመታገሱ ነው። ዊንዶውስ ቲፒኤም 2.0ን ሲያዘጋጅ የተሳሳቱ ሙከራዎች 32 ሲደርሱ እንዲቆለፍ፣ ከዚያ በኋላ በየ10 ደቂቃው አንድ ስህተት ብቻ እንዲረሳ አድርጎ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። የቨርቹዋል ማሽኑ ቺፕ የት ነው ያለው? የትኛው ማዘርቦርድ ላይ ተበየደ?

የትም አልተበየደም። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬዱትን ኪውኢሙንና ሊብቨርትን ለሚጠቀም ሰው፣ ቺፑ የአይቢኤሙ መሐንዲስ ስቴፋን በርገር የሚመራው ኤስደብሊውቲፒኤም የተባለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል። የሚያስታውሰው ነገር ሁሉ፣ የቁልፎቹ ሁሉ ዘር የሆነው ምስጢር ሳይቀር፣ በጥቂት ኪሎባይት ፋይል ላይ ይጻፋል። ሰርቨሩ ላይ ‹ቫር› ውስጥ፣ ከዚያ ‹ሊብ›፣ ከዚያ ‹ሊብቨርት›፣ ከዚያ ‹ኤስደብሊውቲፒኤም› ብላችሁ ስትገቡ በእያንዳንዱ ማሽን መለያ ቁጥር የተሰየመ ፎልደር ታገኛላችሁ። ቺፑ እዚያ ውስጥ ነው። ፋይል ነው። ይገለበጣል፣ ይሰረዛል፣ በኢሜይል ይላካል። ለቺፑ መፈጠር ምክንያት የሆነው «ከሲስተሙ ውጭ ይሁን፣ አይገልበጥ» የሚለው ሐሳብ እዚህ ፎልደር ውስጥ ምን ቀረው?

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ መሥሪያ ቤት ሰርቨር ማዘርቦርዱ ተቃጥሎ ተጠራሁ። የቨርቹዋል ማሽኖቹ ዲስኮች በየሌሊቱ ባክአፕ ይደረጉ ስለነበር ማንም አልደነገጠም። ዲስኮቹን ሌላ ሰርቨር ላይ መለስን፣ ማሽኖቹን እንደ አዲስ አዋቀርን፣ የሒሳብ ክፍሉን ማሽን አስነሳን። ሰማያዊ ገጽ መጣና የቢትሎከር መልሶ ማግኛ ቁልፍ ጠየቀን፤ በስምንት ቡድን የተከፋፈለ ባለ 48 አኃዝ ቁጥር። «ቁልፉ የት ተቀምጧል?» ብዬ ጠየቅሁ። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ለአፍታ ዝም አለና «እዚያው ማሽን ውስጥ፣ ዴስክቶፑ ላይ» አለኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በየሌሊቱ ባክአፕ ሲደረግ የኖረው የተቆለፈው ሳጥን ብቻ ነበር። ቁልፉ የነበረበት ቺፕ፣ ማለትም ያ ትንሽ ፋይል፣ በሞተው ሰርቨር የሲስተም ዲስክ ላይ ነበር፤ ያንን ዲስክ ደግሞ «ሊኑክሱን እንደገና እንጭነዋለን» በሚል ባክአፕ ያደረገው ሰው የለም።

ደግነቱ ዲስኩ አልሞተም ነበር። ነቅለን በኬብል ከላፕቶፔ ጋር አገናኘነው፣ ፎልደሩን አገኘሁት፣ ገለበጥኩት። በአዲሱ ሰርቨር ላይ የማሽኑን መለያ ቁጥር ከድሮው ጋር አንድ አድርገን፣ የሴኪዩር ቡቱንም መዝገብ አብረን አምጥተን ስናስነሳው ዊንዶውሱ ምንም ሳይጠይቅ ተከፈተ። ሁሉም በደስታ ጨበጡኝ። እኔ ግን መኪና ውስጥ ገብቼ ስቀመጥ ደስታው ጠፋብኝ። ምን ነበር ያደረግሁት? የይለፍ ቃል አልተጠየቅሁም። ማንንም አላስፈቀድሁም። አንድ ዲስክ ነቅዬ፣ አንድ ፋይል ገልብጬ፣ የመሥሪያ ቤቱን የሒሳብ መዝገብ ከፈትሁ። እኔ በበጎ ያደረግሁትን ሌባ በክፉ ቢያደርገው ምን ያግደው ነበር? የዚያ ማሽን ምስጠራ የዘጋው በባለቤቱ ላይ ነው፤ ለሌባው ክፍት ነበር።

እዚህ ላይ «ቁልፉ በማን ኪስ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። የቨርቹዋል ማሽኑ ተጠቃሚ «ቲፒኤም አለኝ» ሲል በማን ላይ ተማምኖ ነው? ቨርቹዋል ማሽኑን በሚያስኬደው ሰርቨር፣ ማለትም በሆስቱ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው የቺፑን ፋይል ማየት ይችላል። ወደ ራሱ ኮምፒውተር ወስዶ ቺፑን እዚያ ማስነሳት ይችላል። ልኬቶቹን የሚቀበለው ፕሮግራም በእጁ ስለሆነ የፈለገውን ልኬት ሊያጎርሰው ይችላል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላሉ አባቶች። በሆስቱ ላይ የሚኖር ቺፕም ከሆስቱ ጌታ አያስጥልም። ይህ የፕሮግራሙ ጉድለት ሳይሆን የነገሩ ባሕርይ ነው። ጉድለቱ ይህን ሳይነግሩ መሸጥና ይህን ሳይጠይቁ መቀበል ነው።

«ታዲያ ፋይሉን መመስጠር አይቻልም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይቻላል። ሊብቨርት የቺፑ ፋይል በምስጢር ቃል ተቆልፎ እንዲጻፍ የሚያደርግ ቅንብር አለው። ሁለት ጥያቄ ግን አለኝ። መጀመሪያ፣ ለምን ዲፎልት አልሆነም? አስተዳዳሪው ራሱ ፈልጎ፣ የምስጢር ቃሉን ራሱ አዘጋጅቶ፣ መለያውን በማሽኑ ቅንብር ውስጥ ራሱ ካልጻፈ በቀር ቺፑ በግልጽ ይጻፋል። በግማሽ ደቂቃ የጨመረው ሰው ይህን መች ያየዋል? ቀጥሎ፣ የምስጢር ቃሉስ የት ይቀመጣል? «ጊዜያዊ ነው፣ ዲስክ ላይ አትጻፈው» ካልተባለ ሊብቨርት እዚያው ሰርቨር ላይ ያስቀምጠዋል፤ የሚያስቀምጠውም በቀላሉ ተመልሶ በሚነበብ መልክ ነው። ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ከሳጥኑ ሥር እንደማኖር ማለት ነው። ሰርቨሩን የወሰደ ሁለቱንም ወሰደ።

ሌሎቹ የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌሮችስ? የቪኤምዌር ቪስፌር እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 6.7 ቨርቹዋል ቲፒኤምን ሲያመጣ ቁልፍ አቅራቢ ሰርቨር ሳይዘጋጅ ቺፑን መጨመር እንዳይቻል አድርጎ ነው፤ የማሽኑ ፋይሎች መመስጠር ግዴታ ነው። ከ7.0 ሁለተኛ ማሻሻያ ጀምሮ የራሱን ቁልፍ አቅራቢ አብሮ ሰጠ፤ እሱንም ቢሆን ባክአፕ ሳያደርጉት ሥራ ላይ ማዋል አይቻልም። ይህ የሚመሰገን ነው። ብዙዎች «አስቸጋሪ ነው» ብለው ያማርሩታል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ አስቸጋሪ የሆነው ሶፍትዌሩ ነው ወይስ ቁልፍ መያዝ ራሱ? ቁልፍ መያዝ ኃላፊነት ነው። ኃላፊነቱን የደበቀ ሶፍትዌር ሥራውን አላቀለለውም፤ ቀኑን አራዘመው እንጂ።

የማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ በመካከል ቆሟል። ከዊንዶውስ ሰርቨር 2016 ጀምሮ ለሁለተኛው ትውልድ ማሽኖች ቺፑን ይሰጣል፣ ይመሰጥረዋልም። የጥበቃ ሰርቨር ለብቻው ካልተቋቋመ ግን ቁልፉ በዚያው ሆስት ላይ በተፈጠሩ ሁለት ሰርተፊኬቶች ይታሰራል። ስማቸው ራሱ «የማይታመን ጠባቂ» ይላል። አምራቹ በስሙ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ጽፏል፤ ስንቱ አስተዳዳሪ ከፍቶ አንብቦታል? ሆስቱ ሲበላሽ ማሽኑን ወደ ሌላ ሰርቨር ወስዶ «አልነሳም» ሲለው የሚያነበው ብዙ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ሰርተፊኬቶቹን አስቀድሞ ከነምስጢር ቁልፋቸው ወደ ውጭ አውጥቶ ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሌላ ጥያቄ። ጊዜን ወደ ኋላ መመለስ የሚቻልበት ዓለም ውስጥ ቺፑ ምን ያስታውሳል? እውነተኛው ቺፕ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አያውቅም። የተሳሳተ ሙከራ ቆጥሮ ከሆነ ቆጥሯል። ስድስት አኃዝ ያለው የቢትሎከር ፒን አንድ ሚሊዮን አማራጭ አለው። በየ10 ደቂቃው አንዱን የሚሞክር ሰው ሁሉንም ለመጨረስ 19 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ጥበቃው ያለው በዚህ ዘገምተኛነት ውስጥ ነው። አሁን ቺፑን ፋይል አድርጉት። ያ ሰው ፋይሉን ገልብጦ ያስቀምጣል፤ 31 ጊዜ ይሞክራል፤ ሊቆለፍ አንድ ሲቀረው የድሮውን ፋይል ይመልሳል፤ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል። 19 ዓመቱ የት ሄደ? ስናፕሾት፣ የማሽኑን ሁኔታ ባለበት አስቀምጦ በኋላ መመለስ፣ ለአስተዳዳሪ በረከት ነው፤ እኔም በቀን ብዙ ጊዜ እጠቀምበታለሁ። ለደህንነት ቺፕ ግን ስናፕሾት የማስታወስ ችሎታውን የሚያጠፋ በሽታ ነው። የተመሰጠረ ፋይል እንኳ ከዚህ አያድንም፤ ሳይከፈት እንደተቆለፈ ወደ ኋላ ይመለሳልና።

ማባዛትስ? አንድ ማሽን አዘጋጅቶ ሃያ ማሽን ማባዛት የየዕለት ሥራችን ነው። ቺፑ አብሮ ከተባዛ ሃያ ማሽኖች አንድ ማንነት ይዘው ይቆማሉ። አንዱ ማን መሆኑን በቺፑ ቁልፍ ሲያረጋግጥ ሌሎቹ አሥራ ዘጠኝም እሱን ነን ማለት ይችላሉ። ቺፑ ሳይባዛ ዲስኩ ብቻ ከተባዛ ደግሞ በአሮጌው ቺፕ የተቆለፈው ሁሉ አይከፈትም። ስለዚህ መልሱ እንደ ሁኔታው ይለያያል፤ ሰው ቆም ብሎ መወሰን አለበት። ቪስፌር 8 ሲያባዙ «ቺፑን ልገልብጥ ወይስ በአዲስ ልተካ?» ብሎ መጠየቁ ትክክለኛ አካሄድ ነው። የማይጠይቅ ሶፍትዌር ላይ ማን ይጠይቅ? ባለሙያው ራሱ። የመሰረዙም ነገር እንዲሁ ነው። ሊብቨርት ላይ ማሽንን ከዝርዝር ስታስወጡ ‹ኪፕ-ቲፒኤም› የሚለውን አማራጭ አብራችሁ ካልጻፋችሁ የቺፑ ፋይል አብሮ ይጠፋል። ዲስኩ ቀርቶ ቺፑ ሄደ ማለት ነው። «ቅንብሩን ላስተካክል ብዬ ሰርዤ ልመልሰው ነበር» ብሎ የሚናገረውን ሰው ዲስኩ አይሰማውም።

ሌላው ቀርቶ ማሽኑ እየሠራ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲዛወር ቺፑ በምን መንገድ ይሄዳል? በኔትወርክ ነው። የማሽኑ ሜሞሪ ሲጓዝ የቺፑ ሁኔታም አብሮ ይጓዛል። መስመሩ ካልተመሰጠረ፣ ቺፑም ራሱ ካልተመሰጠረ፣ ከማዘርቦርድ እንዳይነቀል ተብሎ የተፈለሰፈው ምስጢር በኬብል ውስጥ ራቁቱን እየሄደ ነው። የዝውውሩን ፍጥነት የሚለካ ብዙ አይቻለሁ፤ መስመሩ መመስጠሩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት።

የቺፑንስ ማንነት ማን ነው የፈረመለት? ኢንፊኒዮን ወይም ኤስቲማይክሮኤሌክትሮኒክስ የሠራው ቺፕ «ይህን ቺፕ እኔ ነኝ የሠራሁት» የሚል የአምራቹ ሰርተፊኬት ይዞ ይወጣል። ከሩቅ ያለ አረጋጋጭ የሚያምነው በዚያ ነው። የሶፍትዌሩ ቺፕ ሰርተፊኬት ግን ማሽኑ ሲፈጠር በዚያው ሆስት ላይ በተቋቋመ የፊርማ ማዕከል ይፈረማል። ሆስቱ ለራሱ ልጅ ራሱ ምስክር ቆመ ማለት ነው። ይህም መጥፎ አይደለም፤ የፊርማውን ማዕከል ቁልፍ በጥንቃቄ ከያዝነው፣ የምናምነውም እያወቅን ከሆነ። የማያስኬደው ይህን ፊርማ ከፋብሪካ ፊርማ እኩል አድርጎ ሪፖርት ላይ ማስፈር ነው።

እነዚህ ጥያቄዎች አዲስ አይደሉም። በርገርና የአይቢኤም ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ዩዜኒክስ ጉባኤ ላይ ቨርቹዋል ቲፒኤምን ባቀረቡበት ጥናት፣ ቺፑ ከሆስቱ እውነተኛ ቺፕ ጋር እንዴት ይተሳሰር፣ ሰርተፊኬቱን ማን ይፈርም፣ ሲዛወር ምስጢሩ እንዴት ይጠበቅ የሚሉትን አንስተው ነበር። ፈጣሪዎቹ ከመነሻው የጠየቁትን እኛ ተጠቃሚዎቹ ለምን ዘለልነው? መልሱን አውቀዋለሁ፤ መራራ ነው። ቺፑን የፈለግነው ለጥበቃ አልነበረም። ዊንዶውስ 11 እንዲያልፍልን ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 ቲፒኤም 2.0ን ግዴታ ሲያደርገው ብዙዎቻችን የሰማነው «ጠብቁ» የሚለውን ሳይሆን «ምልክት አድርጉ» የሚለውን ነው።

«እንዲህ ከሆነ የሶፍትዌር ቺፕ ጥቅሙ ምንድን ነው? ብንተወውስ?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። አይሆንም። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ስለሆነም ነው የምቆረቆርለት። የማሽኑ ዲስክ ብቻውን ቢሰረቅ፣ ከጋራ ስቶሬጅ ወይም ከባክአፕ ቢያፈተልክ፣ ቺፑ አብሮ እስካልሄደ ድረስ ሌባው ምንም አያገኝም። ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ የገባ ቫይረስ ቺፑ ውስጥ ያለውን ቁልፍ አውጥቶ መላክ አይችልም። የማሽኑን አነሳስ ለመበረዝ የሞከረ ሰው በልኬቱ ይያዛል። እነዚህ ሦስቱ ብቻ እንኳ ልፋቱን ይክሳሉ። የመጀመሪያው ግን የቆመው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ላይ ነው፤ የቺፑ ፋይል ከዲስኩ ጋር በአንድ ቦታ፣ በአንድ እጅ፣ ያለ ቁልፍ እንዳይቀመጥ። ፕሮክስሞክስ በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ላይ የቺፑ ሁኔታ 4 ሜጋባይት የሆነች ለብቻዋ የቆመች ጥራዝ ናት። ከዲስኩ ጋር በዚያው ስቶሬጅ ላይ ስታስቀምጧት ያንን ቅድመ ሁኔታ በገዛ እጃችሁ አፈረሳችሁት።

ደግሞም እውነተኛው ቺፕ ፍጹም ነው እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢንፊኒዮን ቺፖች ላይ የተገኘው ሮካ የተባለው ድክመት የኢስቶኒያን መታወቂያ ካርዶች ሳይቀር አናግቷል። በ2023 መጀመሪያ የኳርክስላብ ተመራማሪዎች በቲፒኤም 2.0 መነሻ ኮድ ላይ ሁለት ክፍተቶች አግኝተዋል፤ አንዱ ከተፈቀደው ወሰን ውጭ ሁለት ባይት መጻፍ የሚያስችል ነበር። ያው ኮድ በሶፍትዌሩም ቺፕ ውስጥ አለ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ለሶፍትዌሩ ይመቻል፤ ፋብሪካ የወጣን ቺፕ ማደስ አድካሚ ሲሆን ፕሮግራሙን ግን በአንድ ትእዛዝ ማደስ ይቻላል። ታዲያ ያ ትእዛዝ ተሰጥቷል? በእናንተ ሆስት ላይ ኤስደብሊውቲፒኤምና ሊብቲፒኤምኤስ የተባለው ላይብረሪ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሱት መቼ ነው? የዊንዶውሱን ዝመና በየወሩ የሚከታተል ሰው የቺፑን ዝመና የሚረሳው ቺፑን እንደ ሃርድዌር ስለሚያስበው ነው። ሃርድዌር አይደለም።

ወደ ኦዲተሮች ልምጣ። «ዲስኩ ተመስጥሯል? ቲፒኤም አለ?» የሚለውን ቅጽ ይዛችሁ ስትመጡ ሁለት ጊዜ «አዎ» ጽፋችሁ ትሄዳላችሁ። ለምን ሦስተኛ ጥያቄ የለም? «ቺፑ ያለበትን ፋይል አሳዩኝ፤ ማን ማን ሊያነበው ይችላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው መልስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይገለጥ ነበር። ቅጹ የተጻፈው ቺፑ ማዘርቦርድ ላይ በተበየደበት ዘመን ነው፤ ቺፑ ፋይል በሆነበት ዘመን ያንኑ ቅጽ መሙላት ምርመራ አይባልም።

አምራቾችና የነፃ ሶፍትዌር አዘጋጆችም ከዚህ አያመልጡም። የነፃ ሶፍትዌር ሠሪዎችን ልፋት አከብራለሁ፤ እንጀራዬን የምበላው በሥራቸው ነው። ስለዚህም ነው በቅንነት የምጠይቀው። አንድ ሰው ቲፒኤም ሲጨምር «ፋይሉ ሳይመሰጠር ይጻፋል፤ ባክአፕህ ውስጥ አልገባም» የምትል አንዲት መስመር ማሳየት ምን ይከብዳል?

ለባለሙያው ደግሞ የምለው ረጅም አይደለም። የሆስቱን ዲስክ መስጥሩት፤ ቁልፉንም ከሆስቱ እውነተኛ ቺፕ ጋር እሰሩት፤ ያኔ እኔ ያደረግሁትን ዲስክ ነቅሎ መውሰድ ከንቱ ይሆናል። የቨርቹዋሉን ቺፕ ፋይል መስጥሩት፤ የምስጢር ቃሉ ከሌላ ቦታ የሚመጣ ይሁን። ባክአፑን ከዲስኩ ባክአፕ ለይታችሁ፣ ሌላ ሰው በሚይዘው ሌላ ቦታ አስቀምጡት። 48ቱን አኃዝ በወረቀት ጽፋችሁ ካዝና ውስጥ ቆልፉት እንጂ ማሽኑ ውስጥ አትተዉት። የቢትሎከር ፒን የምትጠቀሙ ከሆነ ስናፕሾት የማንሳትና የመመለስ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ ቆጥራችሁ እወቁ። ከሆስቱ አስተዳዳሪ ጭምር መጠበቅ ያለበት መረጃ ካላችሁ ይህ ቺፕ አይበቃችሁም፤ የማሽኑን ሜሞሪ ከሆስቱ የሚሰውሩ ፕሮሰሰሮች፣ የኤኤምዲው ኤስኢቪ-ኤስኤንፒና የኢንቴሉ ቲዲኤክስ፣ የተሠሩት ለዚያ ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። በዚህ ሳምንት አንድ ለሙከራ የሚሆን ማሽን ምረጡ። ሰርቨሩ ተቃጥሏል ብላችሁ አስቡ፤ ባክአፕ ብቻ ይዛችሁ ሌላ ሆስት ላይ አስነሱት። ሰማያዊው ገጽ ከመጣ ባክአፕ የላችሁም። ምንም ሳይጠይቅ ከተከፈተ ደግሞ ያንን ባክአፕ ማን ማን ሊያገኘው እንደሚችል ስም በስም ጻፉ። በዚያ ዝርዝር ላይ የማታውቁት አንድ ስም እንኳ ካለ፣ የማሽናችሁ ቁልፍ ያለው በእሱ ኪስ ነው።